መልሱን በኪስ ይዞ መጠየቅ
ስለ ፓውሎ ፍሬሬ መጽሐፍና ስለ ጐልማሶች ውይይት የቀረበ ሒስ

ብራዚላዊው መምህር ፓውሎ ፍሬሬ በቺሊ በስደት ሳለ በ1968 እ.ኤ.አ. ጽፎ የፈጸመውና በ1970 በእንግሊዝኛ ታትሞ የወጣው «የተጨቈኑ ሰዎች ትምህርት» የተባለው መጽሐፍ፣ በጐልማሶች ትምህርት ላይ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል ስሙ በብዛት የሚነሣ ነው። በትምህርት ጥናት ክፍል ከምንጽፋቸው ድርሰቶችም ይህን መጽሐፍ ሳይጠቅሱ የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው። የሚጠቀሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ይኸውም ደራሲው የተለመደውን ትምህርት ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከማስቀመጥ ጋር አመሳስሎ የነቀፈበት ክፍል ነው። ምሳሌው ያማረ ስለ ሆነ በቀላሉ ይታወሳል፤ በቀላሉ የሚታወስ ነገር ደግሞ አንባቢውን ቀሪውን ከማንበብ ያሳርፈዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው የመጽሐፉን ፖለቲካና ፍልስፍና በሙሉ አይደለም። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ጐልማሶችን ሰብስቦ ለማወያየት የሚነሣ ሰው ከዚህ መጽሐፍ ምን ሊማር ይችላል? የሚጐድለውስ ምንድን ነው?

ጥያቄው የመጻሕፍት ቤት ጥያቄ ብቻ አለመሆኑን አንባብያን ይረዱልኛል። ከመካከላችን ብዙዎቹ ትምህርታችንን ጨርሰን የምንሰማራው በግብርና ቢሆን፣ በጤና ጥበቃ ቢሆን፣ በትምህርት ጽሕፈት ቤት ቢሆን፣ ሃያ ሠላሳ ጐልማሶች በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በቀበሌ አዳራሽ ተቀምጠው «እስኪ ተወያዩ» የምንልበት ቀን አይቀርም። በዚያን ቀን ብዙ ጊዜ የሚሆነው የታወቀ ነው። አወያዩ ይጠይቃል፤ ጉባኤው ዝም ይላል፤ አወያዩ የራሱን ጥያቄ ራሱ ይመልሳል፤ ጉባኤው «እሺ» ይላል፤ በቃለ ጉባኤውም ላይ «ሰፊ ውይይት ተደርጎበት በአንድ ድምፅ ተወሰነ» ተብሎ ይጻፋል። ሰዎቹም ወደየቤታቸው ሄደው ቀድሞ ያሰቡትን ያደርጋሉ።

አስቀድሞ የፍሬሬ ዘዴ ምን እንደ ነበረ ባጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። በ1963 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ ሪዮ ግራንዴ ዶ ኖርቴ በተባለው ክፍለ አገር፣ አንጂኮስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ 300 ያህል ሠራተኞች ተሰብስበው በ40 ሰዓት ትምህርት ማንበብና መጻፍ እንዲጀምሩ ተሞከረ። በመዝጊያው ትምህርት ላይ ፕሬዚዳንቱ ዦአዎ ጉላርት ራሳቸው ተገኝተው ነበር። በማግሥቱ ዓመት የጦር መኰንኖች መንግሥቱን ገለበጡ፤ ፍሬሬም ታሰረ፣ ቀጥሎም ተሰደደ። በዚያ ዘመን በብራዚል ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ድምፅ ለመስጠት በሕግ አይፈቀድለትም ነበርና፣ ፊደል ማስተማር መራጭ ማብዛት መሆኑን ወዳጁም ጠላቱም ያውቀው ነበር።

በዘዴው መሠረት አስተማሪዎቹ አስቀድመው ወደ ሰፈሩ ሄደው ሰዎቹ በየዕለቱ የሚነጋገሩባቸውን ቃላት ይለቅማሉ። ከተለቀሙትም ጥቂቶቹን ይመርጣሉ፤ ለሪዮ ክፍለ አገር የተመረጡት 17 ብቻ ነበሩ። ከነዚህ አንዱ «ቲዦሎ» ነው፤ ጡብ ማለት ነው። በመጀመሪያ ግንብ የሚገነቡ ሰዎች ሥዕል ይታያል፤ ስለ ጡብ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ ንግግር ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ቃሉ ተከፋፍሎ ታ፣ ቴ፣ ቲ፣ ቶ፣ ቱ፤ ዣ፣ ዤ፣ ዢ፣ ዦ፣ ዡ፤ ላ፣ ሌ፣ ሊ፣ ሎ፣ ሉ እየተባለ በአንድ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ተማሪዎቹም ከሰሌዳው ድምፅ ከድምፅ እየገጣጠሙ አዲስ ቃል ያወጣሉ።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ፈገግ ሳይል አይቀርም። በብራዚል እንደ አዲስ ግኝት የተደነቀው ሰሌዳ የኔታ ከጥንት ጀምሮ ሲያስቈጥሩት ከኖሩት ከሀ ሁ ሂ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ሆኖም ከዚህ ተነሥተን «ይህማ ከእኛ ዘንድ ነበረ» ብለን መጽሐፉን ብንዘጋው እንሳሳታለን። የየኔታ ፊደል የሚጀምረው በቈጠራ ነው፤ የፍሬሬ ሰሌዳ ግን ከንግግር በኋላ የሚመጣ ነው። አዲሱ ነገር ሰሌዳው ሳይሆን ከሰሌዳው በፊት የተደረገው ንግግር ነውና፣ ሒሳችንም በዚሁ ንግግር ላይ ሊያተኵር ይገባል።

ከፊደሉ አስቀድሞ ለውይይት የሚቀርቡ አሥር ሥዕሎች ነበሩ፤ የሣላቸውም ፍራንሲስኮ ብሬናንድ ነው። በመጀመሪያው ሥዕል አንድ ገበሬ ዶማና መጽሐፍ ይዞ ቆሞ ይታያል፤ በአጠገቡም ቤትና የውኃ ጕድጓድ አለ። አወያዩ «ጕድጓዱን ማን ሠራው? ለምን ሠራው? ዛፉንስ ማን ሠራው?» እያለ ይጠይቃል። ከዚህ ጥያቄ ተሰብሳቢዎቹ ሰው የሠራው አንድ ነገር፣ ተፈጥሮ ያስገኘው ሌላ ነገር መሆኑን ያገኛሉ ይባላል። ቀጥሎ ቀስት የያዘ አዳኝ፣ ጠመንጃ የያዘ አዳኝ፣ ከዚያም ድመት ይመጣሉ፤ ድመቲቱም ብታድን መሣሪያ ስለማትሠራ በእውነት አዳኝ ልትባል አትችልም ወደሚል አሳብ ይደረሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥረኛው ሥዕል ራሳቸውን ተሰብሳቢዎቹን ተሰብስበው ሲወያዩ ያሳያቸዋል።

ቅንብሩ የሚያስደንቅ ነው። ግን ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እንመልከታቸው። ጕድጓዱን ማን እንደ ቈፈረው የማያውቅ ጐልማሳ በብራዚልም ሆነ በሌላ አገር አይገኝም። አወያዩም ያውቀዋል። የሚያውቀውን ነገር የሚያውቀውን ሰው የሚጠይቅ ሰው ሌላ ነገር እንደሚፈልግ ጐልማሳው ወዲያው ይጠረጥራል፤ «ይህ ልጅ ወዴት ሊወስደኝ ነው?» ይላል በልቡ። አሥሩ ሥዕሎች በቅደም ተከተል ስለ ተደረደሩ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ሲጠየቅ የመጨረሻው መልስ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። ተሰብሳቢዎቹ «አገኙት» የተባለው ነገር አስቀድሞ የተቀመጠላቸው ነው። ባንክ አትሁኑ የሚለው መጽሐፍ ከባንኩ በጓሮ በር ሲገባ እዚህ ላይ እናየዋለን።

በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት እሑድ ከሰዓት በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ይደረግ ነበር። ጥያቄዎቹ በወረቀት ታትመው ለሁላችንም ይታደሉ ነበር፤ መልሱ ግን ለመሪው ብቻ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ሲነበብ እኛ ተማሪዎች መጽሐፉን አናይም፤ የመሪውን ፊት እናያለን። ፊቱ ሲፈካ መልሱ ተገኝቷል ማለት ነው። እኛ ልጆች ነበርንና ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ጐልማሳ ሰው ግን ፊት በማንበብ ከማንኛውም ልጅ ይበልጣል፤ ከዳኛ፣ ከጭቃ ሹምና ከነጋዴ ፊት ሲያነብ የኖረ ነውና።

ፍሬሬ ይህን አደጋ ፈጽሞ አላየውም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። አወያዩ አስተማሪም ተማሪም መሆን እንዳለበት፣ ሰዎቹ ዓለምን የሚያዩበት ዓይን ከእሱ ዓይን ልዩ ሊሆን እንደሚችል ደጋግሞ ጽፏል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በሦስተኛው ምዕራፍ ውስጥ ያለ አንድ አጭር ታሪክ ዘዴው በሥራ ላይ ሲውል ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። በእኔ አስተያየት ከመጽሐፉ ሁሉ የተሻለው ገጽ ይህ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በቺሊ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ፣ በተጨናነቀ የኪራይ ቤት የሚኖሩ ድኾች ተሰብስበው አንድ ሥዕል ይታያቸዋል። በሥዕሉ ላይ አንድ ሰካራም በመንገድ ሲሄድ፣ ሦስት ጐረምሶች ደግሞ በመንገዱ ማዕዘን ቆመው ሲያወሩ ይታያል። ሥዕሉን ያቀረበው ተመራማሪ የፈለገው ስለ መጠጥ ጉዳት እንዲነጋገሩለት ነበር። ተሰብሳቢዎቹ ግን በሥዕሉ ውስጥ ለአገሩ የሚጠቅም ሰው ቢኖር ሰካራሙ ብቻ ነው አሉ። እሱ ቀኑን ሙሉ በትንሽ ደመወዝ ሲሠራ ውሎ፣ ለቤተ ሰቡ የሚበቃ ነገር ስለማያገኝ እየተጨነቀ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሠራተኛ ነው፤ እኛም እንደ እርሱ ሠራተኞች ነን፣ እንደ እርሱም እንጠጣለን አሉ።

ይህ ገጽ ከሌሎቹ የሚበልጥበት ምክንያት ሥዕሉ ሠሪውን ስለ ከዳው ነው። ተመራማሪው በኪሱ የያዘው መልስ ስለ መጠጥ ነበር፤ የመጣለት መልስ ስለ ሥራና ስለ ደመወዝ ሆነ። የታተመ ወረቀት የያዘ መሪ ቢሆን ኖሮ «መልካም፣ ግን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ» ብሎ ሰዎቹን ወደ መጠጥ ጉዳት በመለሳቸው ነበር፤ እነርሱም የሚፈለገውን ተረድተው መጠጥ መጥፎ መሆኑን በመሰከሩ፣ ማታም ሄደው በጠጡ ነበር። ፍሬሬም ሰካራምነትን በስብከት ሊያስተው የሚነሣ አስተማሪ በእነዚህ ሰዎች ፊት ከንቱ እንደሚደክም በትክክል አስተውሏል።

ይሁን እንጂ ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚያው ላይ ነው። ደራሲው የሰዎቹን መልስ ተቀብሎ ወዲያውኑ የራሱን ማብራሪያ ይሰጣል፤ ጕዳዩ የዝቅተኛ ደመወዝና የብዝበዛ ጕዳይ መሆኑን ነግሮን ያልፋል። አወያዩ ከዚያ መልስ በኋላ ቀጥሎ ምን ብሎ ጠየቀ? ሰዎቹስ ምን አሉ? ሁሉም በዚያ አሳብ ተስማሙ ወይስ አንድ ሰው ራሱን ነቀነቀ? ይህ አልተጻፈም። የሰካራሙ ሚስት በዚያ ጉባኤ ተቀምጣ ብትጠየቅ ኖሮ ስለ ደመወዙም ስለ መጠጡም የምትለው ሦስተኛ ነገር ሳይኖራት አይቀርም። ለአወያይ ከሁሉ የሚከብደው ያልጠበቀውን መልስ በሰማ ጊዜ ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥያቄ ሆኖ ሳለ፣ መጽሐፉ በዚያች ደቂቃ ላይ ዝም ይላል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ በደረጃ አሰያየሙ ላይ ነው። ፍሬሬ የሰዎችን ንቃተ ኅሊና በደረጃ ይከፍላል፤ ነገሩን ሁሉ ከሰው በላይ ለሆነ ኀይል የሚሰጥ አለ፣ የዋህ የሆነ አለ፣ በመጨረሻም ምክንያቱን የሚመረምር አለ። ለጥናት ይህ ሊጠቅም ይችላል። ነገር ግን አንድ አዛውንት ገበሬ ዝናብ የቀረው በኀጢአታችን ነው ያሉ እንደ ሆነ፣ ይህን ሚዛን በልቡ የያዘ አወያይ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ በየትኛው ደረጃ እንደሚያስቀምጣቸው ያስባል። እርሳቸውም ያውቁበታል። እኒሁ ገበሬ ግን ቀጥሎ «ዝናቡ ሲቀር ማን ምን አደረገ?» ተብለው ቢጠየቁ፣ ዘር ስለ መለወጥ፣ ከብት ስለ መሸጥ፣ እኅል ስለ መበዳደር ከማንኛውም ባለሙያ የበለጠ የሚናገሩት ይኖራቸዋል። በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ሁለቱ ዐሳቦች ተስማምተው ይኖራሉ፤ ሚዛኑ ግን ለአንዱ ብቻ ስፍራ ይሰጣል።

እንግዲህ ዘዴውን ወደ አገራችን ስናመጣው በባዶ ሜዳ ላይ የምናሳርፈው አይደለም። የእኛ ጐልማሳ ስለ ጉባኤ ብዙ የሚያስታውሰው፣ ያላየውንም ከአባቶቹ የሰማው ነገር አለው። በድሮው ዘመን ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው ለአውጫጭኝ ወይም ለአፈርሳታ ተጠርቶ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ እንዲሰበሰብ ይደረግ ነበር፤ የቀረም ይቀጣ ነበር። ምሥጢሩን የሚያውቅ ሰው በጉባኤ መካከል ተነሥቶ አይናገርም፤ በስውር ያደርሳል፤ «ወፍ» የሚባለውም እርሱ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ከ50,000 የሚበልጡ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጥተው ገበሬውን አስተማሩ፣ በማኅበር አደራጁ፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ። ከዚያም ወዲህ የቀበሌና የልማት ስብሰባ ያልተቀመጠ ጐልማሳ የለም። በነዚህ ሁሉ ሰዎች የተማሩት መልካም ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ከተማሩት አንዱ በጉባኤ ላይ ቀድሞ መናገር አደጋ ሊኖረው እንደሚችል ነው። ስለዚህ አወያዩ ዝምታ ባጋጠመው ጊዜ «ሕዝቡ አልገባውም» ብሎ አይቸኵል። ብዙ ጊዜ በጣም ስለ ገባው ነው።

ፍሬሬ ያልጻፈው ሌላም ነገር አለ። በእርሱ መጽሐፍ ውስጥ መምህሩ ከፍ ብሎ፣ ተማሪው ዝቅ ብሎ ይታያል፤ የመጽሐፉም ድካም ሁሉ መምህሩን ለማውረድ ነው። የእኛ አወያይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሃያ ሁለትና ሃያ ሦስት ዓመት የሆነው ወጣት ነው። በፊደል ታላቅ፣ በዕድሜ ታናሽ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከላይም ከታችም ተቀምጧል። ይህም ገና አፉን ሲከፍት በቋንቋችን ይታወቃል። አምሳ ዓመት የሞላቸውን ገበሬ «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ይላል፤ እርሳቸውም «ልጄ» ብለው «አንተ» ይሉታል። አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ ልማድ ለእኩልነት እንቅፋት ነው ይላሉ። እኔ እንዲያውም በረከት ይመስለኛል። ሽማግሌው ወጣቱን «አንተ» ባሉት ጊዜ ትምህርቱ የሰጠውን ከፍታ በዕድሜያቸው አስተካክለውታል፤ ከዚያ በኋላ «አይደለም ልጄ፣ ተሳስተሃል» ለማለት አይቸግራቸውም። መጠንቀቅ የሚያሻው ወጣቱን «እርስዎ» ያሉት እንደ ሆነ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያነጋግሩት እርሱን ሳይሆን ቢሮውን ነው፤ ለቢሮ ደግሞ የሚሰጠው መልስ «እሺ» ነው።

«እሺ» ምን ማለት እንደ ሆነ ብቻውን አንድ ጥናት የሚገባው ነገር ነው። ተስማማሁ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሰማሁ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይበቃል፣ አሰናብተን ማለትም ሊሆን ይችላል። በቃለ ጉባኤ ላይ ግን ሦስቱም «ተስማሙ» ተብለው ይመዘገባሉ።

በተቃራኒው ደግሞ ወጣቱ አወያይ ከትሕትና ተነሥቶ ወደ ሌላ ጥፋት የሚወድቅበት ጊዜ አለ። በመጽሐፈ ኢዮብ ኤሊሁ የተባለው ወጣት፣ ሌሎቹ በዕድሜ ስለሚበልጡት ተናግረው እስኪጨርሱ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ይህ ያስመሰግነዋል። መናገር ከጀመረ በኋላ ግን ስድስት ምዕራፍ ሙሉ አያቆምም፤ የሚመልስለትም ሰው አልተገኘም። ጨዋነት ብቻውን አወያይ እንደማያደርግ ከዚህ ይታያል።

ታዲያ አወያዩ ምን ያድርግ? ዋናው ነገር ራሱ መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ መጠየቅ ይመስለኛል። አንዲት የጤና ባለሙያ «መጸዳጃ ቤት መቈፈር ለምን ይጠቅማል?» ብትል መልሱ በፖስተር ላይ የተጻፈ ነውና ሰዎቹ ፖስተሩን ያነቡላታል። «ባለፈው ዓመት የቈፈራችሁት ጕድጓድ ምን ሆነ?» ብላ ብትጠይቅ ግን መልሱ ያለው በሰዎቹ ዘንድ ብቻ ነው። በክረምት ውኃ ሞላው፣ ተደረመሰ፣ ጥጃ ገባበት፣ ሽማግሌዎቹ ከምራታቸው ጋር በአንድ ጕድጓድ መጠቀም አፈሩ፤ ይህን ሁሉ ባለሙያዋ አስቀድማ ልታውቀው አትችልም። የግብርና ባለሙያም እንዲሁ «ማዳበሪያ ጥቅሙ ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ «ከማሳችሁ የትኛው ማዳበሪያውን በላው፣ የትኛው ተቀበለው?» ቢል፣ ስለ ዋልካ መሬትና ስለ ተዳፋት ማሳ ከኮሌጅ መጽሐፍ ያላገኘውን ይሰማል። ባለሙያው ዕውቀቱን አይደብቅ፤ ተራው ሲደርስ በግልጽ ይናገር። ዕውቀትን በግልጽ መናገር ነውር የለበትም፤ ነውሩ ዕውቀትን ጥያቄ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ፍሬሬን የሚከተሉ አንዳንድ ሰዎች ማስተማርን እንደ ኀጢአት ስለሚቈጥሩ፣ አንድ ሰው ቀጥታ ቢነግራቸው በሁለት ደቂቃ የሚያልቀውን ነገር በሁለት ሰዓት ጥያቄ ያንከራትቱታል፤ የአርሶ አደር ጊዜም ዋጋ ያለው መሆኑን ይዘነጋሉ።

ጠይቆ መጠበቅም ጥበብ ነው። አሜሪካዊቱ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባወጣቻቸው ጥናቶች፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ጠብቀው እንደሚቀጥሉ፣ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና የሚመልሱትም ቍጥር እንደሚበዛ አሳይታለች። ጥናቱ የተደረገው በሕፃናት ትምህርት ቤት ነው። እርስ በርስ የሚተያይ፣ ማን ይቅደም እያለ በዓይኑ የሚመካከር የጐልማሶች ጉባኤ ከሦስት ሰከንድ እጅግ የበለጠ እንደሚያስፈልገው ግልጽ ነው።

የአነጋገር ተራም ሊታሰብበት ይገባል። ታላቁ ሰው ቀድመው ከፈረዱ ከእርሳቸው በኋላ የሚናገር ሁሉ «አባታችን እንዳሉት» ብሎ ይጀምራል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ታላቁን ሰው ዝም ማሰኘት ደግሞ ጉባኤውን ማፍረስ ነው። ይልቅስ በምርቃት እንዲከፍቱና በመጨረሻም የተባለውን ሰብስበው እንዲቋጩ ቢለመኑ ክብራቸው ይጠበቃል፤ በመካከል ያለው ሰዓት ለሌሎቹ ነፃ ይሆናል። ብዙ ሰው ባለበትም «ሁላችሁም ተናገሩ» ከማለት ይልቅ «ከአጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ተመካከሩ» ማለት ይሻላል። መመካከር ሕዝቡ የሚያውቀው ቃል ነው፤ ውይይት ግን የቢሮ ቃል ሆኗል። ሦስት ሰዎች በዝግታ የተመካከሩበትን ነገር አንዱ ተነሥቶ «እንዲህ ብለናል» ሲል ኀላፊነቱ በብቻው ላይ ስለማይወድቅ ይደፍራል።

ስለ ሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። ሴቶቹ በበሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ ግማሾቹ ልጅ ይዘው፣ ግማሾቹ የቤታቸውን እሳት እያሰቡ ባሉበት ጉባኤ «ሴቶችስ ምን ትላላችሁ?» ተብሎ በመጨረሻ መጠየቁ ለቃለ ጉባኤ ማሳመሪያ ካልሆነ በስተቀር አይጠቅምም። ሴቶች ብቻቸውን ቡና ላይ የሚናገሩትን የሰማ ሰው ጨዋታ እንደማይቸግራቸው ያውቃል። የቸገራቸው ስፍራውና ሰዓቱ ነው። የስብሰባውን ሰዓት የሚወስነው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ከአሥር ሥዕል ይበልጣል።

አወያዩ ያልጠበቀውን መልስ በሰማ ጊዜስ? እዚህ ላይ ከራሳችን ሊቃውንት የምንበደረው አለን። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስላደግሁ ጉባኤ ቤት አልገባሁም፤ ነገር ግን የአንድምታ ትርጓሜ ሥርዐት የታወቀ ነው። መምህሩ ለአንዱ ቃል አንድ ትርጓሜ ይሰጣል፤ ከዚያም «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል፤ ሁለተኛው የፊተኛውን አያፈርሰውም። በሳንቲያጎ ሰካራሙ ሠራተኛ ነው በተባለ ጊዜ «ይህ አንድ ነው፤ አንድምስ?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ የሚስቱም፣ የጐረምሶቹም፣ የመጠጥ ሻጩም ነገር በተራው በመጣ ነበር። ተሰብሳቢው የጓደኛውን ቃል ሳያፈርስ የራሱን እንዲጨምር የሚያስችል ቃል በቋንቋችን ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። እርግጥ ነው፣ አንድም ለዘለዓለም አይቀጥልም፤ ጕድጓዱ ይቈፈር ወይስ አይቈፈር መባል አለበት። በዚያን ጊዜም ማን ሊቈፍር፣ በየትኛው ቀን፣ በማን ዶማ እንደ ሆነ ካልተነገረ «እሺ» የተባለው ከሦስቱ የትኛው «እሺ» እንደ ሆነ አይታወቅም።

ስለ አራተኛው ምዕራፍ ብዙ አልልም። እዚያ ውስጥ የውይይት መሪው ቀስ በቀስ የአብዮት መሪ ይሆናል፤ ደራሲውም ከኤርኔስቶ ጌቫራ ጽሑፍ እየጠቀሰ የሽምቅ ጦርን ትቶ የሚከዳ ሰው ስለ መቀጣቱ እስከ መስማማት ይደርሳል። ለጦር ሠራዊት ይህ ምክንያት ይኖረው ይሆናል። ነገር ግን ጉባኤውን ትቶ የሚወጣ ሰው እንደሚቀጣ እያወቀ በነፃነት የሚወያይ ጐልማሳ ሊኖር አይችልም፤ የአውጫጭኙን ነገር የሰማ ሰው ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ስለዚህ መጽሐፉን አዲስ የሚያነብ ተማሪ ከሦስተኛው ምዕራፍ፣ ከሳንቲያጎው ሥዕል ቢጀምር፣ ከዚያም ወደ ሁለተኛው ቢመለስ፣ አራተኛውን ደግሞ በጥርጣሬ ቢያነብ ይሻለዋል።

ለዚህ መጽሔት ወዳጆች የማቀርበው አሳብ አለኝ። በየክረምቱ ወደየአገራችን ስንሄድ በጐልማሶች ስብሰባ ላይ የምንገኝ ብዙዎች ነን። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው ተግባር ተኮር የጐልማሶች ትምህርትም የውይይት ጉባኤን መሠረት ያደረገ ነው። በነዚህ ስብሰባዎች ላይ ከመካከላችን አንዱ በአንድ ጥግ ተቀምጦ አወያዩ የጠየቀውን ጥያቄ ቃል በቃል፣ የተመለሰለትን መልስ በተናጋሪው አነጋገር፣ ዝምታውንም ስንት ደቂቃ እንደ ቈየ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያልተጠበቀ መልስ ሲመጣ አወያዩ ቀጥሎ ምን እንዳለ ቢጽፍ፣ ፍሬሬ ሳይጽፈው ያለፈውን ገጽ በአማርኛ ልንጽፈው እንችላለን። ለዚህ ደብተርና እርሳስ ይበቃል፤ የተሰብሳቢዎቹ ፈቃድ ግን አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ወፍ የመጣባቸው እንዳይመስላቸው።